ለአንድ ጥያቄ የዘገየ መልስ

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ የ40 ተማሪዎችን ውጤት የሚደምር ፕሮግራም በጃቫስክሪፕት ጽፎ መጣ። አንድ ሉፕ ለተማሪዎቹ፣ ውስጡ ደግሞ ሌላ ሉፕ ለ8ቱ የትምህርት ዓይነቶች። የሁለቱም ቆጣሪ ስሙ «አይ» ነው፤ ሁለቱም በ«ቫር» የታወጁ ናቸው። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ተማሪ ደምሮ ወደ አሥረኛው ይዘልና እዚያው ላይ ሲሽከረከር ብሮውዘሩ ቀጥ ይላል።

«የአንዱን ስም ቀይር» አልኩት። ቀየረው፤ ሠራ። እሱ ግን አልተዋጠለትም። «ቲቸር፣ የውስጡ እኮ ቅንፍ ውስጥ ነው የታወጀው። ለምን ከውጭኛው ጋር ይጋጫል?»

«ቋንቋው እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ጥያቄው ትክክል ነበራ!

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1957 አይቢኤም ባወጣው የመጀመሪያው ፎርትራን አንድ ስም በመላው ፕሮግራም አንድ ነገር ብቻ ነበር። ላይ የተጠቀምክበትን ስም ታች ረስተህ ብትደግመው፣ የቀድሞው ዋጋ ይጠፋል።

በጥር 1960 ፓሪስ ላይ 13 ሰዎች ተሰብስበው የአልጎል 60ን ነገር ቋጩ። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ዴንማርካዊው ፒተር ናውር ነው። በዚህ ቋንቋ «ቢጊን» ብለህ ትከፍታለህ፣ «ኤንድ» ብለህ ትዘጋለህ፤ መሃሉ ብሎክ ይባላል። ብሎኩ ውስጥ የታወጀ ስም እዚያው ይኖራል፣ ከብሎኩ ሲወጣ ያበቃል። ሁለት አበበዎች በሁለት ክፍል ቢማሩ ስም ጠሪው እንደማይደናገር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ አምስተርዳም ውስጥ ዳይክስትራና ዞነቬልድ የአልጎል 60 ኮምፓይለር ሠርተው አሳዩ። ሚሞሪው እንደ ሳህን ይደረደራል፤ ብሎክ ሲከፈት ከላይ ይጨመራል፣ ሲዘጋ ይነሳል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣው የዴኒስ ሪቺ ሲ «ቢጊን» እና «ኤንድ»ን በጥምዝ ቅንፍ ተካ። ምልክቱ አጠረ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም።

1995 ላይ ብሬንዳን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጂ በ10 ቀን ሠራ። ቅንፉን ከእነ ሲ ወረሰ፤ «ቫር» ግን የሚያውቀው የፈንክሽንን ወሰን ብቻ ሆነ። የሉፕም ሆነ የ«ኢፍ» ቅንፍ አያግደውም። በር አለ፣ ግድግዳ የለም። የተማሪዬ ሁለት «አይ»ዎች አንድ ሰው የነበሩት ለዚህ ነው። ግድግዳው የተሠራው «ሌት» እና «ኮንስት» በመጡበት በ2015 ነው፤ ከፓሪሱ ስብሰባ 55 ዓመት በኋላ! (ፓይተን የምትጽፉም ልብ በሉ፤ የ«ፎር» ቆጣሪ ሉፑ ካለቀም በኋላ በሕይወት አለ።)

አያችሁ፣ «ቋንቋው እንዲህ ነው» መልስ አይደለም። እንዲህ ያደረገው ሰው ነው፤ ሰው የወሰነው ደግሞ ምክንያት አለው፣ ሲሳሳትም ይታረማል። ዛሬ የምታስተምሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣባችሁ እንደኔ አትለፉት። ካላወቃችሁት «ነገ አጣርቼ እመጣለሁ» በሉ።

አንተም ይህን ካነበብከው፣ ያን ቀን ልክ ነበርክ። ይቅርታ፣ መልሱ ዘገየ።