ከአብራሪው ጆሮ እስከ ኪሳችን፤ የጫጫታ አጥፊ ማዳመጫ ታሪክና አመራረጥ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም ስለ ገመድ አልባ ጫጫታ አጥፊ የጆሮ ማዳመጫ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ለማኅበራችን መጽሔት የቀለለ መስሎኝ ጥቂት አመንትቼ ነበር። ተሳፋሪው በታክሲ፣ ሠራተኛው በቢሮ፣ ተማሪውም በቤተ መጻሕፍት በጆሮው ሰክቶት የሚታየው ይህ ትንሽ ዕቃ፣ ሲያዩት ከመዝናኛ የሚያልፍ ቁም ነገር ያለው አይመስልም። ይሁን እንጂ ታሪኩን ወደ ኋላ ተከትዬ ስመረምር፣ መሣሪያው በሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ታስቦ የተወለደ መሆኑን፣ በአንድ ጥብቅ የተፈጥሮ ሕግም የታሰረ መሆኑን ተረዳሁ። ያንን ሕግ በሚገባ ባለማሰቤ እኔ ራሴ ጆሮዬን ለአደጋ አጋልጬ ስለ ነበር፣ ጽሑፉ ለባልደረቦቼ ይጠቅማል የሚል እምነት አድሮብኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሳቡ መነሻ

ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝ የግፊት ሞገድ ነው። ሁለት ሞገዶች በአንድ ቦታ በሚገናኙበት ጊዜ ግፊታቸው ይደመራል፤ የአንደኛው ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር በትክክል ከገጠመ ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ይህ ሐቅ በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ዘንድ ቀድሞውኑ የታወቀ ነበር። ወደ መሣሪያ ለመለወጥ አሳብ ካቀረቡት ቀደምት ሰዎች ዋናው ፓውል ሉዌግ የተባለው ጀርመናዊ ነው። ሉዌግ በ1933 ዓ.ም. በአገሩ ማመልከቻውን አቀረበ፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ መንግሥት በቁጥር 2,043,416 የተመዘገበ ፓተንት ተሰጠው። በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው፣ በቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን ድምፅ ማይክሮፎን አስቀድሞ ይቀበለዋል፤ አምፕሊፋየር ያጎለብተዋል፤ ከፊት ያለው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ተቃራኒውን ሞገድ ያወጣል። ዛሬ በጆሯችን የምንሰካው ዕቃ በመሠረቱ ከዚህ ሥዕል አይለይም።

ሁለተኛው መሠረት የተጣለው በስልክ ሥራ ነው። የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የነበረው ሃሮልድ ብላክ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. በጀልባ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ከአምፕሊፋየር የሚወጣውን ምልክት ገልብጦ ወደ መግቢያው በመመለስ መዛባቱን መቀነስ እንደሚቻል ታየው፤ ወዲያውም በያዘው ጋዜጣ ላይ ነደፈው። አሉታዊ ግብረ መልስ የምንለው ይህ ነው። ሃሪ ናይክዊስት በ1932 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ዑደት መቼ እንደሚረጋና መቼ እንደሚያፏጭ የሚለይበትን መመዘኛ አወጣ። ከሉዌግ ቀድሞ የመስማት ዘዴ በቀር፣ በጆሮው በር ላይ የቀረውን ጫጫታ እየሰሙ የማረም ሁለተኛው ዘዴ ከዚህ ትምህርት የተገኘ ነው።

በ1953 ዓ.ም. የአር.ሲ.ኤ. ኩባንያ ተመራማሪዎች ሃሪ ኦልሰንና ኤቨረት ሜይ ይህንን ሁለተኛ ዘዴ ለመንገደኛ መቀመጫ አስበው ሞከሩት። ከድምፅ ማጉያው ፊት ጸጥታ ተገኘ፤ ጸጥታው ግን በትንሽ ቦታ ብቻ የተወሰነ፣ ለወፍራም ድምፆች ብቻ የሚሠራ ሆነ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ዊላርድ ሚከር ዘዴውን ጆሮን በሚሸፍን ማዳመጫ ላይ አዋለው። ሎውረንስ ፎገል ደግሞ በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር ውስጥ ያለውን ጫጫታ ለማጥፋት ፓተንቶችን አስመዘገበ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ መንገዱን አሳዩ፤ ሆኖም በቫልቭ የሚሠራው የዚያን ጊዜ አምፕሊፋየር ከባድና ትኩስ፣ ብዙ ኀይልም የሚፈልግ ስለ ነበር ወደ ገበያ የሚወጣ ዕቃ አልተገኘም።

ለመስማት ሲባል ጸጥ ማድረግ

በ1978 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር የነበሩት አማር ቦዝ ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበሩ በአውሮፕላኑ ውስጥ ማዳመጫ ተሰጣቸው። የሞተሩ ድምፅ ሙዚቃውን ስለ ዋጠው፣ ፕሮፌሰሩ ማዳመጫውን አስቀምጠው የመፍትሔውን ስሌት እዚያው በጉዞ ላይ ጀመሩ። ከስሌቱ እስከ ሽያጭ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ። በ1986 ዓ.ም. ዲክ ሩታንና ጂና የገር ቮየጀር በተባለችው አውሮፕላን ነዳጅ ሳይሞሉ፣ ሳያርፉም በዘጠኝ ቀን ዓለምን ሲዞሩ፣ ከሞተሩ ጩኸት ጆሯቸውን ለመጠበቅ የቦዝን የሙከራ ማዳመጫዎች ይዘው ነበር። በ1989 ዓ.ም. ኩባንያው ለአብራሪዎች የሚሸጥ ማዳመጫ አወጣ። በአውሮፓም ዜንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሉፍታንዛ ጥያቄ ተነሣሥቶ በእነዚሁ ዓመታት ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቷል። ለመንገደኛው ሕዝብ የሚሆነው የቦዝ ማዳመጫ የወጣው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። አብራሪው ማዳመጫውን ያጠለቀው ምንም ላለመስማት አልነበረም። የመቆጣጠሪያ ጣቢያውን ቃል አጥርቶ ለመስማት፣ ለዚህም ሲል የሞተሩን ጉምጉምታ ብቻ ለመቀነስ ነበር። ስለሆነም መሣሪያው ከመነሻው አንዱን ድምፅ አስቀርቶ ሌላውን የሚያሳልፍ ወንፊት እንጂ በር የሚዘጋ መቀርቀሪያ አይደለም። ስንመርጥም ሆነ ስንጠቀም መነሻችን ሊሆን የሚገባው ይኸው ነው።

ገመዱ እንዴት እንደ ቀረ

ገመድ አልባው ግንኙነት ሌላ ምንጭ አለው። በ1994 ዓ.ም. በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ የኤሪክሰን መሐንዲሶች በአጭር ርቀት የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት መንደፍ ጀመሩ። በ1998 ዓ.ም. ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ ኢንቴልና ቶሺባ ማኅበር መሥርተው ሥራውን በአሥረኛው መቶ ዘመን በነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም ብሉቱዝ አሉት። ሁለቱን ጆሮ የሚያገናኘው ገመድ እንኳ የቀረበት ማዳመጫ በሕዝብ ዘንድ የተስፋፋው አፕል በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የራሱን ካወጣ በኋላ ነው። ሶኒ በ2017 ዓ.ም.፣ አፕልም በ2019 ዓ.ም. ጫጫታ ማጥፊያውን በዚህ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አስገቡት። ቀድሞ የአብራሪን ራስ ያከብድ የነበረው መሣሪያ እነሆ ጥቂት ግራም ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ስሕተት ማረም ይገባል። ጫጫታ ማጥፋቱ ከብሉቱዝ ጋር ግንኙነት የለውም። የብሉቱዝ ድምፅ ከስልኩ እስከ ጆሮ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ ጫጫታውን የሚያጠፋው ሥራ ግን እንዲህ ያለውን መዘግየት ፈጽሞ አይታገሥም። ስለዚህ ስሌቱ በሙሉ በማዳመጫው ውስጥ ይፈጸማል፤ ስልኩ ቢጠፋም ጸጥታው አይጠፋም።

ሕጉና ወሰኑ

ጫጫታውን በ20 ዴሲቤል ለመቀነስ፣ ማለትም ግፊቱን ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ፣ ተቃራኒው ሞገድ በከፍታው ፍጹም እኩል ቢሆን እንኳ ከትክክለኛው ጊዜ ከ6 ዲግሪ ገደማ በላይ መሳት የለበትም። ለ100 ሄርትዝ የሞተር ጉምጉምታ 6 ዲግሪ ማለት 0.17 ሚሊሰከንድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፅ 6 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ለ5,000 ሄርትዝ ቀጭን ድምፅ ግን ያው 6 ዲግሪ ከ3 ማይክሮሰከንድ ብዙም አይበልጥም፤ ድምፅ በዚያ ጊዜ የሚጓዘው አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስሕተቱ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ መሣሪያው ጫጫታውን በመቀነስ ፈንታ ይጨምረዋል።

ስለዚህ ሠሪዎቹ ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል። ወፍራሙንና የማይለዋወጠውን ድምፅ፣ ይኸውም የአውሮፕላን፣ የአውቶቡስ፣ የጄኔሬተርና የቬንቲሌተር ጉምጉምታ፣ በኤሌክትሮኒክሱ ያጠፉታል። ቀጭኑን ድምፅ የሚከለክለው የጆሮውን ቀዳዳ የሚዘጋው የሲሊኮን ጫፍ ነው። ድንገተኛ የሆነው፣ እንደ መዶሻ ምትና እንደ በር ድብደባ ያለው ድምፅ ግን ስሌቱን ይቀድመዋል።

እኔ የተሳሳትሁት በዚህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ አንድ ድንጋይ መፍጫ ተልኬ ሳለሁ ማዳመጫዬን ሰክቼ በመሣሪያው አጠገብ ግማሽ ቀን ቆየሁ። የሞተሩ ጉምጉምታ ስለ ጠፋልኝ ጆሮዬ የተጠበቀ መሰለኝ። የመፍጫው ኦፕሬተር፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ የራሳቸውን ወፍራም የጆሮ መከላከያ በጣታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ኢንጂነር፣ ያንተ ለዘፈን ነው፤ ይኼ ነው ለጆሮ» አሉኝ። ፈገግ ብዬ አለፍሁ። ማታ ግን ጆሮዬ ጭው ይል ጀመር፤ እስከ ማግስቱም አልተወኝም። የጠፋልኝ የሚያሰለቸኝ ድምፅ ነበር፤ የሚጎዳኝ የድንጋዩ ምት ግን አልቀረልኝም ነበር። ሞገድን ተምሬ የተመረቅሁት እኔ ሳልሆን፣ በሥራ ላይ የኖሩት እኒያ ሰው ትክክል ነበሩ።

ምርጫን በተመለከተ

ከዚህ የሚከተለው ምክር አጭር ነው። በመጀመሪያ፣ በየትኛው ጫጫታ መካከል እንደምንውል እንጠይቅ። በአውሮፕላንና በአውቶቡስ ለሚጓዝ፣ ከጄኔሬተር አጠገብ በሚገኝ ቢሮም ለሚሠራ፣ መሣሪያው ገንዘቡን ያወጣል። የባልደረቦቹን ወሬ ለማጥፋት የሚገዛው ግን ቅር ይለዋል፤ የሰው ንግግር ይቀንስ እንጂ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ እናንብብ። «ኤ.ኤን.ሲ.» የሚለው ለባለቤቱ ጆሮ ጫጫታ የሚያጠፋ መሆኑን ሲገልጽ፣ በርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚበዛው «ኢ.ኤን.ሲ.» ግን በስልክ ስንነጋገር ለወዲያኛው ሰው የሚሄደውን ድምፅ ማጽዳቱን ብቻ ያመለክታል። በሁለት ፊደሎች መመሳሰል ገንዘባቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው። «እስከ 40 ዴሲቤል» የሚለውም በአንድ በተመረጠ ድግግሞሽ የተገኘ ከፍተኛ ውጤት እንጂ በሁሉም ድምፅ ላይ የሚሠራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከዋጋው ይልቅ በጆሮ ላይ መግጠሙ ይቅደም። አብረው ከሚመጡት ጫፎች ውስጥ ትልቁን፣ መካከለኛውንና ትንሹን ሁሉ ሞክሮ፣ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የማይላቀቀውን መምረጥ ይገባል። ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ መጠን ቢፈልጉ አያስደንቅም። በጫፉ ዙሪያ አየር ከገባ ወፍራሙ ድምፅ አብሮ ይገባል፤ ያን ጊዜ ውዱም ከርካሹ አይሻልም።

አራተኛ፣ የባትሪው ዕድሜ ይታሰብ። በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል፤ በአብዛኞቹም ላይ መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ንብረት እንደምንገዛ አናስብ።

አጠቃቀምን በተመለከተ ዋናው ጥቅም የድምፁን መጠን ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 95 ዴሲቤል የሚፈቀደው በሳምንት ለአንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው። በጫጫታ መካከል ሙዚቃውን ከጫጫታው በላይ የሚያስጮኽ ሰው ወደዚህ መጠን ሳያውቀው ይደርሳል። ጫጫታውን ያጠፋ ሰው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ይበቃዋል፤ ድምፁን እንደ ቀድሞው ከፍ አድርጎ ከተወው ግን ጥቅሙን ጥሎታል።

መንገድ ስንሻገርና በሥራ ቦታ ተሽከርካሪ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ማዳመጫውን ማውለቅ፣ ቢያንስ የውጭውን ድምፅ ወደሚያሳልፈው ስልት መለወጥ ያስፈልጋል። የጆሮ ኩክ የድምፁን መውጫና የውስጡን ማይክሮፎን ስለሚደፍን፣ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ በየጊዜው መወልወል ይገባል። ከሁሉም በላይ፣ በመፍጫ፣ በጃክ ሃመርና በብረት ሥራ አጠገብ የሚያስፈልገው ተመርምሮ የመከላከል መጠኑ በሣጥኑ ላይ የተጻፈለት የጆሮ መከላከያ ነው። አብዛኞቹ የሙዚቃ ማዳመጫዎች ይህ ምስክር ወረቀት የላቸውም።

ከመካከላችን ብዙዎቹ በሥራ ቦታ የሌሎችን ደኅንነት የመጠበቅ ኀላፊነት አለባቸው። ወጣቱ ቴክኒሽያን ማዳመጫውን ሰክቶ ከመፍጫው አጠገብ ቆሞ ስናይ፣ ጸጥታውና ጥበቃው አንድ አለመሆናቸውን ልንነግረው ይገባል። ጭው ማለቱ ለእኔ በማግስቱ ተወኝ፤ ዘወትር ለሚደጋግመው ሰው ግን የሚመለስ አይደለም። ይህ ጽሑፍ አንድ ባልደረባ እንኳ ወደ ሥራ ቦታ ሲወጣ ትክክለኛውን መከላከያ እንዲያነሣ ካደረገ፣ ጸሐፊው ድካሙ እንደ ተካሰለት ይቆጥረዋል።