ብሬን ይመልሱልኛል?

ጥቅምት 2017 ላይ እናቴ ደወለችልኝ። ኢትዮ ቴሌኮም አሥር በመቶ ድርሻውን በቴሌብር ለሕዝብ መሸጥ መጀመሩን ሰምታለች። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን።

"9,900 ብር መሆኑ ነው። ስፈልግ ግን ብሬን ይመልሱልኛል?"

እኔ አዋቂው "እማዬ፣ አይፒኦ እኮ ነው" አልኳት። መልስ እንዳልሰጠኋት የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

አይፒኦ ማለት አንድ ድርጅት አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም ሰው ክፍት አድርጎ ሲሸጥ ነው። ስሙ የሚያወራው ስለ መግቢያው በር ነው። እናቴ የጠየቀችው ስለ መውጫው።

ይህ ጥያቄ አምስተርዳም ውስጥ ከ400 ዓመት በፊት ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1602 የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሲቋቋም ማንኛውም የአገሩ ነዋሪ ገንዘብ ማዋጣት ይችላል ተባለ፤ ትንሹም ትልቁም መጠን አልተገደበም። የአምስተርዳሙ መዝገብ የተከፈተው ዲርክ ቫን ኦስ በተባለ ነጋዴ ቤት ነበር። ከ1,100 በላይ ሰው ተመዘገበ። ከነሱ አንዷ የዚያው ቤት ሠራተኛ ናት፤ 100 ጊልደር አስመዘገበች። (እኔ ከሀብታሞቹ ይልቅ የምታሳስበኝ እሷ ናት።)

የኩባንያው ቻርተር ከአሥር ዓመት በኋላ ሒሳብ እንደሚቀርብና የፈለገ ድርሻውን ይዞ መውጣት እንደሚችል ይላል። በ1610 የመጀመሪያው የትርፍ ክፍያ መጣ፤ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በቅመም! በ1612 ደግሞ መንግሥት ኩባንያውን ከሒሳቡ ግዴታ ነፃ አደረገው። መውጫው ተዘጋ። በ1622 የተበሳጩ ባለድርሻዎች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መዝገቡን ስብ ቀብተው ለውሻ አብልተውታል እንዴ ብለው አሽሟጠጡ።

የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ድርሻህን ለሌላ ሰው መሸጥ። ሻጭና ገዢ ኩባንያው ቢሮ ይሄዳሉ፣ መዝገብ ያዡ ስም ያዛውራል። የአክሲዮን ገበያ ያደገው በዚህ ነው፤ ኩባንያው ገንዘብህን ስለማይመልስ ገዢ የምታገኝበት ቦታ ያስፈልግሃል። ደቾቹ ድርሻውን "አክሲ" ይሉት ነበር፤ ከኛ አክሲዮን ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ በሕግ የመጠየቅ መብት ማለት ነበር። መጠየቅ እንጂ ማስመለስ አይደለም።

ለእናቴ መልሼ ደወልኩ። "ድርጅቱ አይመልስልሽም። የሚገዛሽ ሰው ማግኘት አለብሽ።"

"እሱን የት ነው የማገኘው?"

ያኔ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ገና ሥራ አልጀመረም። ጥር 2 ቀን 2017 ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ሆነ። እናቴ በዚያን ጊዜ 33ቱን ገዝታ ጨርሳለች።