የፈረንሳይ ወንዶች የተጸውዖ ስሞች፤ ምንጫቸውና «ትርጉማቸው»

በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው ዘወትር ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ስም ምን ማለት ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ስለ አገራችን ስሞች በሚቀርብበት ጊዜ መልሱ እምብዛም አያስቸግርም። ማስረሻ፣ ምትኩ ወይም ካሳ የተባለ ልጅ ሐዘን በገባበት ቤት የተወለደ መሆኑን ብዙውን ጊዜ ስሙ ራሱ ይናገራል። ስለ ሉዊ፣ ስለ ሻርል ወይም ስለ ሮቤር ሲጠየቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስሞችን ከነፍቻቸው ደርድረው የሚያቀርቡ ትንንሽ መጻሕፍት «ሉዊ ማለት ስመ ጥር ተዋጊ ማለት ነው» ብለው ያልፉታል። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ አምኜ በካርድ ላይ ጽፌው ነበር። ዛሬ ካርዱን ሳነበው ስሕተቱ የጀመረው ከጥያቄው እንደ ነበር ይታየኛል።

እንደሚታወቀው ፈረንሳይኛ የላቲን ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊ ናቸው ብለን ከምናውቃቸው የወንድ ስሞች ብዙዎቹ ከላቲን የመጡ አይደሉም። በ5ኛው መቶ ዓመት የጎል ምድርን የያዙት ፍራንኮች ቋንቋቸው ጀርመናዊ ነበር። ድል አድራጊዎቹ ከጊዜ በኋላ የድል ተነሺዎቹን ቋንቋ ተቀበሉ፤ ድል ተነሺዎቹ ደግሞ የድል አድራጊዎቹን ስም ወሰዱ። ሉዊ፣ ሻርል፣ አንሪ፣ ሮቤር፣ ሪሻር፣ ጊዮም፣ ቤርናር፣ ቲዬሪ ሁሉም ከዚህ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

እነዚህ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቃላት የተገጣጠሙ ናቸው። ሉዊ የመጣው «ህሉድ» (ዝነኛ) እና «ዊግ» (ጦርነት) ከሚሉት ነው፤ የፍራንኮች ንጉሥ የክሎቪስ ስምም ይኸው ነው። ስለዚህ እስከ 18ኛው ድረስ የተቆጠሩት ሉዊዎች ሁሉ የክሎቪስ ሞክሼዎች ናቸው ማለት ይቻላል። በሮቤር ውስጥ «ዝና» እና «ብሩህ»፣ በቤርናር ውስጥ «ድብ» እና «ብርቱ»፣ በጊዮም ውስጥ «ፈቃድ» እና «የራስ ቁር» ይገኛሉ። አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ ዓረፍተ ነገር ማውጣት እንደማይገባ ነው። ጊዮምን የሰየመ አባት ስለ ፈቃድና ስለ ራስ ቁር አንድ ነገር መናገሩ አልነበረም። የክሎቪስ ልጅ ቴውደሪክ፣ የቴውደሪክ ልጅ ቴውደበርት፣ የቴውደበርት ልጅ ቴውደባልድ ይባሉ ነበር። «ቴውድ» (ሕዝብ) የሚለው ክፍል ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ክፍል ይለዋወጣል። እንግዲህ የስሙ አገልግሎት የትውልድን ሐረግ ማሳየት ነበር።

የጊዮም ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በመካከለኛው ፈረንሳይኛ አካባቢ የጀርመናዊው ቋንቋ መነሻ «ው» ወደ «ግ» ተለውጧል፤ ቪልሄልም ጊዮም፣ ዋልተር ጎቲዬ የሆኑት በዚህ ሕግ ነው። ኖርማኖች ግን በቀበልኛቸው «ው»ን ጠብቀው ስለ ነበር፣ በ1066 እንግሊዝን የያዘው ጊዮም በዚያ አገር ዊልያም ተብሎ ቀርቷል።

አንዳንዱ ስም ደግሞ በተራው ተራ ቃል ሆኗል። ሻርል የመጣበት «ካርል» ነፃ ሰው ማለት ነበር፤ በ800 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ የጫነው ሻርለማኝ ከገነነ በኋላ ግን የስላቭ ሕዝቦች ስሙን ወስደው «ንጉሥ» የሚል ቃል አደረጉት፤ የሩሲያኛው «ኮሮል»፣ የፖላንዱ «ክሩል» ከዚሁ ነው። ከዚህም ይበልጥ የሚያስገርመው የቀበሮ ታሪክ ነው። የፈረንሳይኛ የጥንት ቃሉ «ጉፒል» ነበር። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በተደረሱት ተረቶች ተንኮለኛው ቀበሮ ረናር የሚል የሰው ስም ስለ ተሰጠው፣ ስሙ አውሬውን ወረሰው፤ «ጉፒል» ከአፍ ጠፋ።

ሁለተኛው ትልቅ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዣን ዮሐንስ ነው፤ ዣክ ያዕቆብ፣ ማትዩ ማቴዎስ፣ ኤትየን እስጢፋኖስ። ለፈረንሳዊው ጆሮ እነዚህም ዝምተኛ ናቸው፤ ዣን የሚባል ሰው ዕብራይስጡ «እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ» እንደሚል ካልተማረ አያውቅም። ፒየር ብቻ ዛሬም «ድንጋይ» የሚለው የዘወትር ቃል ስለ ሆነ ይናገራል። ረኔ (ዳግም የተወለደ)፣ ዴዚሬ (የተመኙት)፣ ድዮዶኔ (አምላክ የሰጠው) ከዚሁ ወገን ናቸው። በ1638 የተወለደው 14ኛው ሉዊ ሲሰየም ሉዊ ድዮዶኔ የተባለው፣ በ1615 የተጋቡት ወላጆቹ ልጅ ያገኙት ከ23 ዓመት በኋላ ስለ ነበር ነው። እዚህ ላይ ስሙ እንደ እኛ አገር ስም የቤቱን ታሪክ ተናግሯል። በአንጻሩ እኛም ዝምተኛ ስሞች አሉን። ቴዎድሮስ የግሪክኛ «የአምላክ ስጦታ» መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ንጉሠ ነገሥቱ በልጅነታቸው የተጠሩበት ካሳ ግን ለማንም ግልጽ ነው።

ሕግም ስሙን ዝም አሰኝቶታል። በኤፕሪል 1803 የወጣው ሕግ ከቀን መቁጠሪያዎችና ከጥንት ታሪክ ታላላቅ ሰዎች ስም ውጪ ሌላ እንዳይመዘገብ ከለከለ። በብረታኝ አንድ ቤተሰብ ለልጆቹ የብረቶን ስም በማውጣቱ መዝጋቢዎች አንቀበልም ብለውት ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክሯል። ስም የተከለከለ ልጅ በመንግሥት መዝገብ እንዳልተወለደ ይቆጠር ስለ ነበር ጉዳዩ የሥርወ ቃል ክርክር ብቻ አልነበረም። በ1966 የወጣ መመሪያ የየአውራጃውን ስሞች ፈቀደ፤ የጃንዋሪ 8 ቀን 1993 ሕግ ደግሞ ምርጫውን ለወላጆች ተወ።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላታችን እንዲህ ያለውን ስም ስናስገባ ምንጩንና የተገጣጠመባቸውን ክፍሎች እንስጥ፤ ዓረፍተ ነገር አንፍጠርለት። አጻጻፉም በባለቤቶቹ አነጋገር ይሁን፦ ቻርልስ ሳይሆን ሻርል፣ ሮበርት ሳይሆን ሮቤር። ቅዱሳንን ግን በለመድነው በግእዙ ስማቸው እንጥራ።

ፍራንሷ በሚለው ካርድ ላይ አንድ ጥቆማ መጨመር ያስፈልጋል። ስሙ «ፍራንካዊ» ማለት ሲሆን፣ የተስፋፋው በአሲዚው ፍራንቸስኮ ምክንያት ነው፤ እርሱም ዮሐንስ ተብሎ ከተጠመቀ በኋላ ነጋዴው አባቱ በፈረንሳይ ፍቅር ስሙን እንደ ለወጠው ይተረካል። የዚሁ የፍራንክ ስም በዐረብኛ «ኢፍራንጅ» ሆኖ ወደ እኛም ደርሷል። ስለዚህ በካርዱ ግርጌ «ፈረንጅ የሚለውን ተመልከት» ተብሎ ይጻፍ።