ከጋፋት ምድጃ እስከ ምናለሽ ተራ

በአገራችን የሥነ ጥበብ ትርዒት አዳራሾች ውስጥ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ተመልካችን የሚያከራክር አንድ የአሠራር ስልት ሥር እየሰደደ መጥቷል። ሠዓሊው ሸራ ወጥሮ ቀለም በመቀባት ፈንታ የጠርሙስ ክዳን፣ ያረጀ የልብስ ቁልፍ፣ የቀንድ ስባሪ፣ የተበጣጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሰበስብና እርስ በርሱ አያይዞ ለትርዒት ያቆማል። ከተመልካቹ ከፊሉ ይደነቃል፤ ከፊሉ ደግሞ «ይህማ ከፈረንጅ የተቀዳ ፋሽን ነው» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛ ፍርድ ከታሪክ አንጻር መመርመር ነው።

ፍርዱ ጨርሶ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ፒካሶ የወንበር ልምድ የታተመበትን የሰም ጨርቅ በሥዕሉ ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ የከበበው እ.ኤ.አ. በ1912 ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ማርሴል ዱሻምፕ ከሱቅ የገዛውን የጠርሙስ ማድረቂያ ብረት እንዳለ የጥበብ ሥራ ነው አለ። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ይህን የአውሮፓ ታሪክ ሳይማሩት አልቀሩም። ይሁን እንጂ ማወቅና መቅዳት አንድ አይደሉም።

እስክንድር ቦጎሲያንን እናስብ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ትምህርት ቤት ለጥቂት ዓመታት አስተምሮ፣ ኋላም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ የቆየው ይህ ሠዓሊ ከሸራ ወጥቶ ወደ ፍየል ቆዳና ወደ ዛፍ ልጥ ጨርቅ ተሻገረ። ለአንድ ኢትዮጵያዊ የብራና መልክ የአባቶቹ መጽሐፍ መልክ ነው። ቁሱ ራሱ ገና ቀለም ሳይነካው የሚናገረው ነገር አለው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ምሕረት ከበደና ሙሉጌታ ገብረ ኪዳን የሚገኙባቸው ወጣት ሠዓሊዎች በአዲስ አበባ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው መናፈሻ ውስጥ «ነፃ የጥበብ መንደር» የተባለ ስብስብ አቋቋሙ። ሥራዎቻቸውን ከአዳራሽ አውጥተው በዛፎች መካከል አቆሙ። መንደሩ ዘላቂ አልሆነም፤ ነገር ግን ሠዓሊያን ገንዘብና አዳራሽ ሳይጠብቁ ተሰባስበው መሥራት እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ለእኔ ይህ ከየትኛውም ሥራቸው ይበልጣል።

ስልቱን ከሁሉ አርቆ የወሰደው ግን ኤልያስ ስሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የተመረቀው ይህ ሰው አስቀድሞ ሸራን በክር እየጠለፈ፣ ቁልፍና የጠርሙስ ክዳን እየሰፋ ይሠራ ነበር። ኋላም ከመርካቶ የሚገዛውን የኮምፒውተር ሰሌዳና ባለ ብዙ ቀለም ሽቦ እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ በእንጨት ገበታ ላይ መምታት ጀመረ። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስላል። ሲጠጉት ግን እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ የማናውቀው ሰው በሩቅ አገር ሲነካው የኖረ ዕቃ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 በመካኒሳ ሲከፈት፣ ቤቶቹ የቆሙት በጭቃና በጭድ፣ አያቶቻችን ጎጆ በሚመርጉበት ዘዴ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መርካቶ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ሠዓሊው ዕቃውን ከማግኘቱ በፊት ሌሎች አግኝተውታል። «ቆርቆሮ ያለው» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው፣ ጥሪው አጥሮ ስሙ የሆነለት ቆራሌው አለ፤ አሮጌ ልብስ በዕቃ የሚለውጠው ልዋጭ አለ፤ ከሁሉም በላይ በርሜሉን ምድጃ፣ የመኪና ጎማውን በረባሶ የሚያደርገው የምናለሽ ተራ ባለ እጅ አለ።

ወደ ኋላ ብንሄድም ነገሩ ያው ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆኗል። በብራና መጻሕፍት ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይ የህንድና የአውሮፓ ሐር ቁራጭ፣ አልፎ አልፎም መስተዋት ተለጥፎ ይገኛል። ምእመኑ ያንን መስቀል ሲሳለም የባዕድ ንግሥት መልክ ትዝ አይለውም። ባዕዱ ነገር ከገባ በኋላ የራስ ሆኗልና።

እንዲህ ሲባል «ዱሮም የእኛው ነበር» ብሎ መፎከር አይገባም። አንጥረኛው ብሩን ያቀለጠው ሌላ ብር ስላልነበረው ነው፤ ኤልያስ ስሜ ግን ቀለምና ሸራ መግዛት እየቻለ ሽቦውን መርጧል። ያም ሆኖ ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ደስ የማይል አንድ ታሪክ አለ። በጎንደርና በአካባቢው ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት በአብዛኛው ለቤተ እስራኤል የተተወ ሥራ ነበር፤ ሠሪውም «ቡዳ» እየተባለ ይፈራና ይናቅ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ማረሻውን የሠራለትን ግን ከማዕዱ ያርቀዋል። ታዲያ ቁርጥራጭ ብረት ዛሬ በትርዒት አዳራሽ ሲከበር፣ ክብሩ ለቀጥቃጩ ልጅ ይደርሳል ወይስ ሥራው ላይ ስሙን ለጻፈው ብቻ ይቀራል?

ጥያቄው ለደብረ ታቦር አዲስ አይደለም። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ የመሣሪያ ማምረቻ አቋቁመው ነበር። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ባልደረቦቹ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ባለ እጅ ሚሲዮናውያን፣ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ንጉሠ ነገሥቱ አሽከሮቻቸውን አስረው አስገደዷቸው። ከሙከራ በኋላ ሙከራ ተደርጎ በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። የዋልድማየር ስም በታሪክ መጻሕፍት ይገኛል። እሳቱን ያነደዱት፣ ሸክላውን ያቦኩት፣ ወናፉን የነፉት የአገር ልጆች ግን የአብዛኞቹ ስም ወደ እኛ አልደረሰም።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ያ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተደለደለለት፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ የጓጉለትን ድል ግን አላመጣላቸውም፤ ሚያዝያ 6 ቀን በገዛ እጃቸው ሞቱ። የእንግሊዝ ጦር ታቦትና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሲሄድ ይህን ከባድ ብረት ጥሎት ሄደ። የተጣለው ዕቃ ትርጉም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ሊተኩስ የተሠራው ብረት የአንድ ንጉሥ ምኞት ምልክት ሆነ። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው። ዋናው ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ፣ ከጣሉት ሰዎች በኋላ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ይገኛል።