መሶብና አገልግል፤ ስለ ስፌት ሥራ ታሪክ

የአገራችንን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ድንጋይንና ብራናን ነው። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንብ፣ በየገዳሙ የሚገኙት መጻሕፍት ለጠያቂ ሁሉ መልስ ይሰጣሉ። ሣር ግን እንዲህ አይደለም። በሣር የተሠራውን ዕቃ ጢስ ያጠቍረዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ልጅ ይቀመጥበታል፤ በመጨረሻም ለእሳት ማያያዣ ይሆናል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሴቶች በወስፌና በስንደዶ ከትውልድ እስከ ትውልድ የሠሩት ሥራ፣ የፈሰሰበት ድካም ከግንብ ሥራ ባያንስም፣ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም። ከዚህ በታች የምንናገረው ስለዚሁ ሥራ፣ በተለይም በቤት ስለሚቀመጠው መሶብና ከቤት ስለሚወጣው አገልግል ነው።

ዕቃው ቢጠፋ ቃሉ ይመሰክራል። «መሶብ» የሚለው ስም በግዕዝ መጻሕፍት የታወቀ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ መተርጐም የጀመረው በአክሱም መንግሥት ዘመን፣ ክርስትና በ4ኛው ምእት ዓመት ወደ አገራችን ከገባ በኋላ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። እስራኤል በምድረ በዳ የበሉት መና ለመታሰቢያ የተቀመጠበት ዕቃ በግሪኩ ማሰሮ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘንድ ግን የወርቅ መሶብ ተብሏል። ተርጓሚው ከሰማይ የወረደውን እንጀራ በምን ዕቃ እንደሚያኖር ሲያስብ የአገሩን ገበታ ያስታወሰ ይመስላል። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ የያን ጊዜው መሶብ እንደ ዛሬው በስንደዶ የተሰፋ ነበር ብሎ መፍረድ ችኮላ ይሆናል። ነገር ግን የእንጀራ ማኖሪያነትና የክብር ዕቃነት በአንድ ቃል ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አብረው መኖራቸውን ለማስተዋል ይበቃል። በውዳሴ ማርያምም እመቤታችን በወርቅ መሶብ ትመሰላለች፤ ለቍርባን የሚሆነው ኅብስት ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ የሚገባበት ዕቃም እስከ ዛሬ ድረስ መሶበ ወርቅ ይባላል። መቅደሱና ጓዳው በአንድ ስም ይጠራሉ ማለት ነው።

የስፌት ሥራ የሚጀምረው በቤት ሳይሆን በመስክ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ ልጃገረዶች ተጠራርተው ስንደዶና አክርማ ለመልቀም ይወጡ ነበር። ይህ መውጣት የሥራ ብቻ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ በወፍጮና በምድጃ መካከል ለምትውል ልጅ፣ ከእናትዋ ዓይን ርቃ ከእኩዮችዋ ጋር የምትዘፍንበትና የምትስቅበት፣ ከጎረቤት መንደር ጕብል ጋርም ከሩቅ የምትተያይበት ቀን ነበር። ከተማ ሽርሽር የሚለውን ቃል ሳያስለምድ በፊት የገጠር ሴት ልጅ ሽርሽር ይህን ይመስል ነበር፤ ስትመለስም ባዶ እጅዋን አትመለስም።

የተለቀመው ሣር ይደርቃል፤ ስንደዶው ይሰነጠቃል፤ ለጌጥ የሚሆነው ቀለም ይገባና አለላ ይባላል። ሰፊዋ ጥቂት ሣር በአንድነት ይዛ እንደ ገመድ ታደርገዋለች፤ በውሃ የራሰውንም ስንጥቅ ትጠመጥምበታለች። ከመካከል፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ከማይበልጥ ቋጠሮ ጀምራ፣ ዙር በዙር ላይ እየደረበች፣ የቀደመውን ዙር በወስፌ እየወጋች ስንጥቁን ታሳልፍበታለች። ወስፌ ቢለግም ቅቤ መውጋት አያቅተውም የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሰነፍ ቢሆንም፣ ጠብቆ የተጠመጠመ ስፌት ቅቤ አለመሆኑን ጣቷ የደማ ሰፊ ታውቃለች። መሶብ ትልቅ እንደ ሆነ፣ ሥራው ከሌላው የቤት ሥራ በተረፈው ጊዜ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ወራት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሰፊዋ በወረቀት ላይ የነደፈችው ሥዕል የላትም። ከመካከል የሚነሣው የአለላ ጥለት ወደ ዳር ሲሄድ ክቡ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ጥለቱም በልኩ መስፋት አለበት፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ዙር ስንት ጊዜ ቀዩን፣ ስንት ጊዜ ነጩን እንደምትጠመጥም በልብ መቍጠርን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ዙር የተሳሳተ ቍጥር ከዳር ሲደርስ ይጋለጣል፤ ያን ጊዜ ያለው መድኃኒት መፍታት ብቻ ነው። ፊደል ሳትቈጥር ያደገች ሴት ይህን ያህል ስሌት በራስዋ ይዛ ስትኖር፣ እኛ ሥራዋን «የእጅ ሙያ» ብለን አሳንሰን መጥራታችን ለእኔ ትክክል አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥዕሉን በአብነት ይሥላል፤ ስሙንም አንዳንድ ጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ ይጽፋል። ሰፊዋም አብነት አላት፤ አብነቷ ግን የእናትዋ መሶብ ነው። ስም የምትጽፍበት ግርጌ ግን የላትም።

ከዚህ ሥራ የሚወጡት ዕቃዎች ብዙ ናቸው። እህል የሚነፋበት ሰፌድ፣ እህል የሚያዝበት እንቅብ፣ ጥጥና ጌጣጌጥ የሚቀመጥበት ሙዳይ፣ እንጀራና ዳቦ የሚቀርብበት ሌማት ሁሉም የአንድ እጅ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ሰፌዱና እንቅቡ ለሥራ ሲሆኑ፣ ሙዳዩና መሶቡ ለዓይንም ጭምር የተሠሩ ናቸው። በየጎጆው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የሚታዩትም ስለዚህ ነው፤ ሥዕልና መስተዋት በሌለበት ቤት የግድግዳው ጌጥ እነርሱ ነበሩ።

ይህ የግድግዳ ጌጥ እንደ ሐረር ሥርዓት የያዘበት ስፍራ የለም ለማለት ይቻላል። አሚር ኑር በ16ኛው ምእት ዓመት ባሠሩት በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት፣ በውስጡ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉት፤ እያንዳንዱም በማዕርግና በዕድሜ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ በስፌት ይሸፈናል፤ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚሰቀል ልማድ አለው፤ ሙሽራ ለሠርጓ የምታዘጋጀው፣ ለአማትዋም የምትሰጠው ስፌት ስፍራው የተለየ ነው። እንግዳ ገብቶ ግድግዳውን ሲመለከት የቤቱን ሴቶች ሙያ፣ የዝምድናውንም ነገር ያነባል። ከተማይቱ ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. በግብፆች እጅ ነበረች፤ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ደግሞ ወደ ምኒልክ ግዛት ገባች። ባለሥልጣን ሲለዋወጥ በውጭ ብዙ ነገር ተለወጠ፤ የቤቱ ውስጥ ሥርዓት ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ብዙ የተነገረው ስለ ግንቡና ስለ መስጊዶቹ ነው። ግንቡን ያሠራውን አሚር ስም እናውቃለን፤ ግድግዳውን ያለበሱትን ሴቶች ስም ግን የሚያውቀው ቤተ ዘመዱ ብቻ ነው።

ወደ ገበታው እንመለስ። ከ1770 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በጎንደር የቈየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ በትልልቅ ሰዎች ግብዣ ላይ የጤፍ እንጀራ ተነባብሮ እንደ ሳሕን ሲያገለግል ማየቱን ጽፏል። ለእርሱ ይህ እንግዳ ነገር ነበር፤ ለእኛ ግን እንጀራ ምግብም ሳሕንም መሆኑ የገበታችን መሠረት ነው። መሶቡም የተሠራው ለዚህ ነው፤ ክብነቱ ከእንጀራው ክብነት የመጣ ነው፤ ክዳኑም እንጀራው እንዳይደርቅ ይጠብቃል። በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥ ወዳጅነትን ያጸናል፤ ጉርሻም ይህን ያትማል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። በባላባት ቤት፣ በቤተ መንግሥትም ግብር፣ ሰው ወደ መሶብ የሚቀርበው በማዕርጉ ተራ ነበር። ታላላቆቹ በልተው ሲነሡ ተከታዮቹ ይቀርባሉ፤ የመጨረሻው የሚያገኘው የተረፈውን ነው። የሰፋችውም ሴት፣ የጋገረችውም ሴት፣ ብዙ ጊዜ የምትበላው ባልና እንግዳ ከበሉ በኋላ ነበር። መሶብን የእኩልነት ምልክት አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

መሶብ ቤቱን አይለቅም፤ ከቤት የሚወጣው አገልግል ነው። አገልግል በውስጡ ስፌት፣ በውጭው ቈዳ ነው፤ ቈዳው ከዝናብና ከአቧራ ይጠብቀዋል፤ በጠፍሩ ይታሠርና በትከሻ ወይም በበቅሎ ይጫናል። በወጥ የራሰ እንጀራ በውስጡ ሲያድር ወጡ ይዋሐደዋል፤ በዚህም ምክንያት የአገልግል ምግብ ከትኵሱ ይልቅ ይጥማል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። የሩቅ መንገድ ሲሆን ግን በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ይያዛል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የመንግሥት የስንቅ ክፍል እንደ ዛሬ ጦር አልነበረውም፤ አብዛኛው የበላው ሴቶች ከቤት አዘጋጅተው፣ ብዙዎቹም አብረው ዘምተው ያበሰሉትን ነው። የዚያን ዘመቻ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጠመንጃውን ሲቈጥር ስንቁ በምን ተይዞ እንደ ሄደም ቢጠይቅ ይገባዋል።

በሰላም ጊዜ አገልግል የንግሥና የዘመድ ጥየቃ ዕቃ ነበር። ለጥምቀት ታቦት ተከትሎ የሚያድር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ራስ መኰንን ወዳሠሩት ወደ ቍልቢ ገብርኤል የሚሄድ፣ አራስ የሚጠይቅ ሁሉ ይይዘዋል። አዲስ አበባ ከተማ ከሆነች በኋላም ልማዱ አልጠፋም። የከተማው ሰው በበዓል ቀን ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሲወርድ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚፈታው ያንኑ የአገልግል ጠፍር ነበር። ስለ ከተማ ኑሮ የሚጽፉ ሰዎች ሽርሽርን ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ያስመስሉታል። ወንበሩና ብርድ ልብሱ ከውጭ መጥቶ ይሆናል፤ ምግብ ይዞ ወጥቶ በመስክ ላይ ከዘመድ ጋር መብላት ግን የንግሥ በዓል ያህል ዕድሜ አለው።

ስፌት ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ ኖረ ማለትም ስሕተት ነው። ቀለሙን መመልከት ይበቃል። ቀድሞ ቀለም ከዕፅዋት ይወጣ ነበር። በ1856 እ.ኤ.አ. ዊልያም ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት በኬሚካል ሐምራዊ ቀለም ካገኘ ወዲህ፣ በአውሮፓ ፋብሪካ የሚሠራው ዱቄት ቀለም በዓለም ገበያ ተሠራጨ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ወደ መካከለኛው አገር በቀላሉ ይገባ ጀመር። ዛሬ «ባህላዊ» እያልን የምናደንቀው ደማቅ ሮዝና አረንጓዴ አለላ እንግዲህ የዚህ ንግድ ልጅ ነው። ይህን መናገር ስፌቱን ማሳነስ አይደለም፤ ሰፊዋ አዲስ ቀለም ባገኘች ጊዜ ወዲያው ወደ አሮጌው ጥለት አስገብታ የራስዋ አደረገችው።

የሥራው ሌላ ፊት ደግሞ አለ። ስፌት ለሴት ልጅ የሙያ መለኪያ ነበር፤ ለጋብቻ ስትታጭ የሚጠየቀው ወስፌ መያዝዋ እንጂ ፊደል ማወቅዋ አልነበረም። ወንድሟ ዳዊት ሲደግም እርስዋ አለላ ትነክራለች። የሴቶች ትምህርት ቤት በተስፋፋ ጊዜ ልጃገረዶች ወስፌውን በእርሳስ ለወጡት፤ ይህን እንደ ጥፋት የሚያዝኑ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አላዝንም። የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታ የክብን ስፋት በቍጥር ስትማር፣ እናትዋ በመሶቡ ላይ ያንኑ ስሌት በጣቷ እንደምታውቀው ማንም አስተማሪ አልነገራትም።

አሁን በብዙ የከተማ ቤት የዕለት እንጀራ የሚቀርበው በትሪ ነው፤ የሚቀመጠውም በፕላስቲክ ዕቃ ነው። ትሪ ይታጠባል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ስለዚህ የቤት እመቤቶችን መውቀስ አይገባም። መሶብ ለሠርግ፣ ለበዓልና ለእንግዳ መቀበያ ተቀምጧል። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ያለው የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ሲከፍት መሶብን በመካከል ያኖረዋል፤ በዚያ ስፍራ ዕቃው ከእንጀራ ማቅረቢያነት ይልቅ የአገር ምልክት ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ወተት፣ እንቍላልና ሥጋ በየቤቱ እንዲበዛ ላወጣው ዕቅድ «የሌማት ትሩፋት» የሚል ስም ሲሰጥ፣ ቃሉ ለሁሉ ወዲያው ገባው፤ ስሙን ከሰሙት የከተማ ልጆች መካከል ግን ሌማት በእጃቸው የነኩት ስንት ናቸው?

በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ፣ በዚያው ስፍራ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር የሕዝቡን የዕለት ዕቃ ሰብስቦ ለማሳየት መብቃቱ ትልቅ ነገር ነው። በየትኛውም ቤተ መዘክር ቢሆን ግን ከስፌት በታች የሚጻፈው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚናገረው የዕቃውን ስምና የመጣበትን አገር ብቻ ነው። የሰፋችው ሴት ማን ናት፣ ከማን ተማረች፣ ለምን ጉዳይ ሰፋችው፣ ጥለቱንስ ምን ብላ ትጠራዋለች የሚሉት ጥያቄዎች ዛሬም መልስ የሚሰጣቸው ሰው አላቸው። በየመንደሩ ያሉ አሮጊቶች መሶብ ሲታያቸው ገልብጠው ከግርጌው ያለውን አጨራረስ ያያሉ፤ የማን እጅ እንደ ሆነም ብዙ ጊዜ ይለያሉ። የእኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው በሚሄዱበት ጊዜ ደብተርና እርሳስ ይዘው በመጀመሪያ ሊጠይቋቸው የሚገባው እነርሱን ነው።