አንብብልኝ በሉ

ስሙኝማ ወገኖቼ! ዛሬ የምተርክላችሁ በብዕሩ ስለሚያድር ሰው ነው። ደራሲ አይደለም፤ ጋዜጠኛም አይደለም። በወር ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት የለውም። ባለጉዳይ ካልመጣ ምሳም እራትም የለም። ባለጉዳይ ሲመጣ ደግሞ የሰው ጭንቀት፣ እልህና ለቅሶ ከነግሳንግሱ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል፤ ከዚያ መሐል ዳኛ የሚሰማውን መርጦ መጻፍ የእሱ ፋንታ ነው። ፍርድ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ ታገኙታላችሁ። ራፖር ጸሐፊ ይሉታል።

ፍኖተ ሰላም እንዲህ ያለውን ሰው በደንብ ታውቀዋለች። የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናትና ከቡሬና ከወንበርማ፣ ከደምበጫና ከደጋ ዳሞት፣ ከቋሪትና ከሰከላ ይግባኝ ያለው ሁሉ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይመጣል። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን ደርቦ ይመጣል። ከሚያነሡት ጉዳይ ብዙው መሬት ነው።

ጎጃሜ ስለ መሬቱ መሟገት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በርስቱ ዘመን ባለርስት ነኝ የሚል ሰው ከራሱ ተነሥቶ በምንዝር አባት በኩል እስከ ዋናው አባት ትውልዱን በቃሉ ይቆጥር ነበር። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ይህንኑ ሥርዓት በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ መጽሐፍ አድርጎታል። ያን ጊዜ ሙግት የአንደበት ነበር፤ ነገር አዋቂው ተነሥቶ ይናገራል፣ ሸንጎው ያዳምጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ሻረው። ሙግቱ ግን መልኩን ለውጦ ቀጠለ። ዛሬ የሚቆጠረው የትውልድ ሐረግ ሳይሆን የይዞታ ደብተርና አዋሳኝ ነው።

አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን ፍርድ ቤት የማያደርስበት ጊዜ ግን ከአዋጁም በፊት መጥቶ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስ እንዴት እንደሚጻፍ ደንግጓል። ቁጥር 222ን ብታዩ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር መቼና የት እንደተፈጸመ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ ሁሉም በየተራው ይፈለጋል። ቁጥር 223 ደግሞ ምስክርና ማስረጃ ዘርዝረህ አያይዝ ይላል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ከራፖር ጸሐፊው ነዋ!

ለሰው በክፍያ መጻፍ ራሱ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ከጽሕፈት መኪናው በፊት ቁም ጸሐፊው ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ለአስጻፊው ዳዊት ወይም ድርሳን ይጽፋል። በመጽሐፉ ውስጥ የአስጻፊውም የጸሐፊውም ስም ለጸሎት ይገባ ነበር። በሥራው ሁለቱም ይጠሩበታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁም ጸሐፊው ፊደል እንዳይሳሳት ይጠነቀቃል። በኋላ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠሩ። ከዚያም ኮምፒዩተርና ፓወር ግዕዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም መጡ፤ የካርቦን ወረቀቱም ቀረ።

አሁን አንዱን ጉዳይ ላውጋችሁ። የብዙዎች ጉዳይ ነውና ስም አልጠራም።

አንዲት እናት ከማንኩሳ በኩል መጡ። ማንኩሳ ማለት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው የባለታሪካቸው የበዛብህ አገር ያደረጓት የጃቢ ጠህናን ከተማ ናት። ባላቸው ሞተዋል። የባላቸው ወንድም ደግሞ ሁለት ጥማድ መሬታቸውን አርሶ ዘርቶበታል። ጸሐፊው ወንበር ሳበላቸው፤ እጁን ከማሽኑ አንሥቶ አዳመጣቸው። እሳቸው ከጋብቻቸው ቀን ጀመሩ። አላቋረጣቸውም።

«መቼ ነው መሬቱን የያዘብዎት፣ እትየ?»

«የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነዋ ልጄ! በሬ ጠምዶ ሲገባ ቆሜ እያየሁት።»

«የዘንድሮ ሰኔ ነው፣ የአምና?»

«የአምና። የባሌ ሙት ዓመት በወጣ በወሩ።»

ሰኔ 13 ብሎ ጻፈ፤ ከነዓመተ ምሕረቱ። ይህች ቀን ቀላል እንዳትመስላችሁ። ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ሁከቱ በተነሣ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በሩ ይዘጋል። «ከጥቂት ጊዜ በፊት» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ባለጉዳዩን ገና ከመነሻው ጎድቷቸዋል።

ቀጥሎ አዋሳኙን ጠየቀ። በምሥራቅ መንገድ፣ በሰሜን የእገሌ ማሳ፣ በደቡብ የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ በምዕራብ ጅረት አሉ። ደብተሩን ተቀብሎ ሲያይ በምዕራብ የተጻፈው የሰው ስም ነው። «እትየ፣ ደብተሩ ጅረት አይልም።» «እንዴታ! ከጅረቱ በመለስ ያለችውን ቁራሽ እሱ ነው የሚያርሳት!» የሰውየውን ስም አስገባ። ይህ ሳይታረም ቀርቶ ቢሆን ተከሳሹ መልስ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚመዝዘው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የከረረው ከዚህ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ጠጋ አሉና «ባሌንም የገደለው ይኸው ወንድሙ ነው፤ ይህንንም ጻፍልኝ» አሉት።

«አይተዋል?»

«ልቤ ያውቀዋል።»

«ምስክርስ አለዎት?»

ዝም አሉ።

«እትየ፣ ከታች "ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ" ተብሎ የሚፈረመው በእርስዎ ስም ነው። ያላዩትን ቢያረጋግጡ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት። በአሟሟቱ የሚጠረጥሩት ካለ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ መንገዱ እሱ ነው። እዚህ ግን መሬቱን እንጻፍ።»

«ያኛው ይጽፍልኛል» ብለው ወደ ጎረቤቱ ጠረጴዛ አመለከቱ።

«ይችላሉ። እኔ ግን አልጽፈውም።»

አስተውሉ፤ ይህ ሰው በዚያች ደቂቃ የዕለት እንጀራውን አደጋ ላይ ጥሏል። ግን ድምፁን አላነሣም፤ ጎረቤቱንም አላማም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፉና «እሺ፤ መሬቱን ጻፍልኝ» አሉ።

ዋጋውን ከመጻፉ በፊት ነግሯቸው ነበር። የእሱ ድርሻ ይህን ያህል፣ የዳኝነቱ ክፍያ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ የሚገባ ነው ብሎ ለይቶ አስረዳቸው። የዳኝነቱን መክፈል ቢያቅታቸው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት እንደሚችሉም ነገራቸው። ባለጉዳይንና ጸሐፊን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ሲጨርሱ የሚነገር ዋጋ ነው። በገጽ የሚያስከፍልም ሰው ይፈተናል፤ ሁለት ገጽ የሚበቃውን አምስት ቢያደርገው ይጠቀማልና። ሕጉ ግን ክስ ባጭሩ ይጻፍ ይላል፤ በብዙ መዝገብ የተያዘ ዳኛም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የባለጉዳዩን ገንዘብ የሚያከብር ጸሐፊ ማሳጠር አይሰለቸውም።

«ታስረታልኛለህ?» አሉት።

«እኔ ጸሐፊ ነኝ እትየ፤ ፍርዱ የዳኛ ነው። የሕግ ምክር ቢፈልጉ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያነጋግሩ።»

ከዚያ ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። «ሁከት» ከሚለው ሲደርስ «ምን ማለት ነው?» ብለው አስቆሙት፤ በቀላል አማርኛ አስረዳቸው። ጣታቸውን ያሳረፉት ከዚህ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የባላቸው ወንድም! መጥሪያውን ይዞ መልስ ሊያጽፍ መጣ። ከተማው ትንሽ፣ ጸሐፊውም ጥቂት ነው። «የባላጋራህን ክስ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከሌላ አስጽፍ» ብሎ አሰናበተው። ሴትዮዋ ያጫወቱትን አንዲት ቃል አላወጣም። ከሁለቱም ወገን ገንዘብ መቀበል ይችል ነበር፤ የአንዱን ምስጢር ለሌላው መሣሪያ አድርጎ። እንዲህ የሚያደርግ አይጠፋም፤ ወሬው ግን እስከ ገበያ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው የለም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገድ ይዘጋል፣ የፍርድ ቤትም ሥራ ይስተጓጎላል። ባለጉዳይ ስንት ፍርሃት አልፎ ነው ከጠረጴዛው የሚደርሰው! እንዲህ ላለው ሰው የተበላሸ ወረቀት ሰጥቶ «ተመለስ» ማለት ግፍ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በፍኖተ ሰላም ክስ ጻፉ፣ በአዲስ አበባ የፕሮጀክት ሰነድ ወይም የሰው የሕይወት ታሪክ በክፍያ ጻፉ፣ ሥርዓቱ አንድ ነው። አዳምጡ፤ ዋጋችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ያልተረጋገጠ አትጻፉ፤ በእጃችሁ የሌለውን ውጤት አትሽጡ፤ የባለጉዳይን ምስጢር ጠብቁ።

እናንተ ባለጉዳዮችም ስሙኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው ጣት በውል አዋዋይ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሕጉ ይህን ያህል ካሰበላችሁ እናንተም ለራሳችሁ አስቡ። ጣታችሁ ቀለም ሳይነካ «አንብብልኝ» በሉ። ያልገባችሁ ቃል ካለ አስቁሙት። አንብብልኝ ሲባል የሚቆጣ ጸሐፊ ከገጠማችሁ፣ የዓመት ወዳጃችሁ ቢሆንም፣ ወረቀቱን ትታችሁ ተነሡ።