ሥርዓት ያለው ሥልጠናና የጀርመን ተጫዋቾች ክህሎት

የጀርመን ብሔራዊ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ከሦስት ጨዋታዎች አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ ከምድቡ የመጨረሻ በመሆን ተሰናበተ። ከዚህ በኋላ የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊቱን ወደ ታዳጊዎች አዞረ። የቡንደስሊጋ ክለቦች የታዳጊ ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲያቋቁሙ የተገደዱ ሲሆን፣ ከ2002 ጀምሮም በመላ አገሪቱ ከ300 በላይ የሥልጠና ጣቢያዎች ተከፈቱ። ተሰጥኦ ያላቸው ታዳጊዎች ከክለባቸው ልምምድ በተጨማሪ በእነዚህ ጣቢያዎች ኳስ መቆጣጠርን፣ ማቀበልንና አታልሎ ማለፍን ይሠለጥኑ ነበር።

ፍሬው የታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ጎሉን ያስቆጠረው የ22 ዓመቱ ማሪዮ ጎትዘ በዶርትመንድ ታዳጊ ቡድን ያደገ ነው።

ይሁንና ቡድኑ በ2018 እና በ2022 የዓለም ዋንጫዎች ከምድቡ ማለፍ ተስኖታል። ሥልጠናው ለቅብብል ባደላ ቁጥር ተከላካይን ብቻውን አታልሎ የሚያልፍ ተጫዋች እየጠፋ መጥቷል የሚል ትችትም በአገሪቱ ባለሙያዎች ዘንድ ተሰምቷል፤ ትችቱ መሠረት የለሽ አይመስልም። ፌዴሬሽኑ ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሕፃናት በትናንሽ ሜዳዎች በጥቂት ተጫዋቾች እንዲጋጠሙ ደንግጓል። የተጫዋቹ ቁጥር ሲያንስ እያንዳንዱ ሕፃን ኳስ የሚነካበት ጊዜ ይበዛልና።